ለአካል ጉዳተኛ የቤተሰብ አባል የገንዘብና የንብረት ዕቅድ

ለአካል ጉዳተኛ የቤተሰብ አባል የገንዘብና የንብረት ዕቅድ ማለት ራሱን ችሎ ለመኖር ወይም ንብረቱን ለማስተዳደር ለሚቸገር ሰው፣ ወላጁ ወይም አሳዳጊው ከደከመ ወይም ከሞተ በኋላ የሚተዳደርበትን ገቢ፣ የሚንከባከበውንና ንብረቱን የሚያስተዳድርለትን ሰው አስቀድሞ መወሰን ነው። በአሜሪካ ለዚህ ዓላማ በስፋት የሚሠራበት «የልዩ ፍላጎት አደራ» የሚባል ሕጋዊ አሠራር ነው። በኢትዮጵያ በዚህ ስም የሚጠራ ተቋም የለም። ሆኖም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ኑዛዜ፣ ስለ ሞግዚትነትና ስለ አደራ ንብረት የደነገጋቸው አንቀጾች ተቀናጅተው ሲሠራባቸው ተመሳሳይ ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ።

በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ዋና ልዩነት የዕቅዱ ዓላማ ነው። በአሜሪካ አደራው የሚቋቋመው በአብዛኛው ውርስ ያገኘ አካል ጉዳተኛ የመንግሥት ድጎማውን እንዳያጣ ነው። በኢትዮጵያ ግን የቤተሰቦች ሥጋት ሌላ ነው፦ እናትና አባት ሲሞቱ ቤቱ ወይም መሬቱ በዘመድ እጅ ይገባል፣ ባለመብቱም በራሱ ንብረት ላይ ጥገኛ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በደብረ ታቦርና በአካባቢው ባሉ የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ዕቅዱ የሚያተኩረው ንብረቱን በመጠበቅና ሥልጣንን በመከፋፈል ላይ ነው።

የአደራ አሠራር በሌሎች አገሮች

አደራ አንድ ሰው ንብረቱን ለሌላ ሰው ጥቅም እንዲያስተዳድርለት ለባለአደራ የሚሰጥበት ግንኙነት ነው። ሦስት ወገኖች አሉት፦ ንብረቱን የሚሰጠው መሥራች፣ የሚያስተዳድረው ባለአደራና የሚጠቀመው ተጠቃሚ።

በአሜሪካ አቅም ለሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች «ተጨማሪ የዋስትና ገቢ» የተባለው የገንዘብ ድጎማ መከፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ድጎማውን የሚያገኝ ነጠላ ሰው በስሙ ሊኖረው የሚችለው ተቆጣሪ ንብረት ከ2,000 ዶላር አይበልጥም። አባት ለልጁ 50,000 ዶላር በቀጥታ ቢያወርሰው ልጁ ገንዘቡ እስኪያልቅ ድጎማውን ያጣል፤ ሜዲኬይድ የተባለውን የሕክምና ሽፋንም ሊያጣ ይችላል። ገንዘቡ በባለአደራ እጅ ሆኖ መንግሥት ለማይሸፍናቸው ነገሮች ብቻ ሲውል ግን እንደ ልጁ ንብረት አይቆጠርም።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሕግ ዕድሜው ከ65 በታች የሆነ አካል ጉዳተኛ የራሱ ገንዘብም በአደራ እንዲቀመጥ ፈቅዷል። በዚህ ጊዜ ተጠቃሚው ሲሞት ከተረፈው ገንዘብ ሜዲኬይድ ያወጣውን ወጪ ይመልሳል። ወላጅ ከራሱ ገንዘብ የሚያቋቁመው አደራ ግን ይህ ግዴታ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ አካል ጉዳተኞች ድጎማቸው ሳይነካ በስማቸው የሚቆጥቡበት ልዩ ሒሳብ ተፈቀደ። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት የራሱን ድርሻ የሚጨምርበት የአካል ጉዳተኞች የቁጠባ ዕቅድ ጀምራለች።

አካል ጉዳትና ሕጋዊ ችሎታ

በኢትዮጵያ ዕቅድ ሲወጣ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ሰውየው በሕግ ፊት ምን መሥራት ይችላል የሚለው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 192 መሠረት ማንኛውም ሰው ችሎታ እንደሌለው በሕግ ካልተነገረ በቀር ሕጋዊ ሥራዎችን ሁሉ ለመፈጸም ችሎታ አለው። አካል ጉዳት ብቻውን ይህን ችሎታ አያሳጣም። ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳነው ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ቤት ሊገዛ፣ የባንክ ሒሳብ ሊከፍት፣ ሊነግድና ሊናዘዝ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ሞግዚት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ንብረቱ በራሱ ስም መመዝገቡና አገልግሎት ሲፈልግ ተገቢው እገዛ መደረጉ ነው።

ሕጉ ለማየት ለተሳናቸውና ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች አንድ ጥበቃ አድርጓል። በአንቀጽ 1728 መሠረት የጣት አሻራቸውን አድርገው የፈረሙት ውል በውል አዋዋይ፣ በፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም። ይህን የማያውቁ ቤተሰቦች «ፈርሟል» ተብሎ በታየ ወረቀት ብቻ መሬት ወይም ቤት ሲለቁ ይታያል።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። አንቀጽ 339 በእድገት ጉድለት፣ በአእምሮ ሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት የሥራውን ውጤት መረዳት የማይችልን ሰው የሚመለከት ነው። አንቀጽ 340 ደግሞ በዘላቂ ጉዳት ምክንያት ራሳቸውን መጠበቅ ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ያልቻሉ ሰዎች፣ ከፈለጉ፣ በዚሁ ጥበቃ እንዲጠቀሙ ይፈቅዳል።

የፍርድ ክልከላ፣ አሳዳሪና ሞግዚት

የፍርድ ክልከላ በአንቀጽ 351 እና በተከታዮቹ የተደነገገ ሲሆን፣ ፍርድ ቤት የሰውየው ጤንነትና ጥቅም የሚያስገድድ መሆኑን ሲረዳ አንዳንድ ሕጋዊ ሥራዎችን ራሱ እንዳይፈጽም የሚወስንበት ሥርዓት ነው። ማመልከቻውን ሰውየው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊያቀርቡ ይችላሉ።

ክልከላው ከተወሰነ በኋላ ሁለት ኃላፊነቶች ይፈጠራሉ። አሳዳሪ የሰውየውን ኑሮ፣ ጤናና ደኅንነት ይከታተላል። ሞግዚት ንብረቱን ያስተዳድራል፣ በገንዘብ ጉዳዮችም ይወክለዋል። ሁለቱ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሲለያዩ አንዱ ሌላውን የመቆጣጠር ዕድል ያገኛል። ምግቡን የምታበስለውና መድኃኒቱን የምትሰጠው እህት የቤቱን ኪራይ ከወንድሟ ስትቀበል፣ ኪራዩ ቢጎድል የምታውቀው እርሷ ናት። ሞግዚቱም የሰጠው ገንዘብ ለወንድሙ ልብስና ምግብ መዋሉን በዓይኑ ያያል። ሞግዚት የንብረት ዝርዝር ማዘጋጀትና ሒሳብ ማቅረብ አለበት፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ክልከላ ዋጋ አለው። የተከለከለ ሰው ኑዛዜ ማድረግ አይችልም፤ ለማግባትም የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል ክልከላ ያልተወሰነበት ሰው ቤቱን በርካሽ ፈርሞ ቢሸጥ፣ ሽያጩን ለማፍረስ በውሉ ጊዜ ፈቃዱ የተሟላ እንዳልነበረ ማስረዳት ስለሚያስፈልግ ክርክሩ ከባድ ይሆናል። ስለሆነም ክልከላ የሚጠየቀው የሚጠበቅ ንብረት ሲኖርና ሌላ ቀላል መንገድ ሲጠፋ ነው።

ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች በአማራ ክልል የሚሠራበት የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ወላጆች የልጃቸው አሳዳሪና ሞግዚት ናቸው። ይህ ሥልጣን ግን ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃል። ብዙ ወላጆች የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጃቸው ዕድሜ ልኩን በእነርሱ ሞግዚትነት ሥር የሚቆይ ይመስላቸዋል። በሕግ ግን ልጁ ከ18ኛ ዓመቱ ጀምሮ ፍርድ ቤት ካልከለከለው በስተቀር እንደማንኛውም አዋቂ ይቆጠራል።

ኑዛዜ

ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ፦ በጽሑፍ ሆኖ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ።

በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ፦ ተናዛዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ እጅ ይጽፈዋል። በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የቆየ ኑዛዜ በዚህ ምክንያት ሊወድቅ ይችላል።

የቃል ኑዛዜ፦ በሁለት ምስክሮች ፊት የሚነገር የመጨረሻ ቃል ነው። ሊይዝ የሚችለው የቀብር ሥርዓትን፣ ከ500 ብር ያልበለጡ ስጦታዎችንና አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆችን አሳዳሪና ሞግዚት መሰየምን ብቻ ነው። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር ከቆየም ይሻራል። ስለዚህ በሞት አልጋ ላይ ለንስሐ አባትና ለጎረቤት «ቤቱን ለእርሷ ሰጥቻለሁ» ማለት ቤቱን አያስተላልፍም።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት በጋራ የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማድረግ አለባቸው። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች ሁሉ እኩል ይወርሳሉ። ይህ ፍትሐዊ ቢመስልም፣ አምስት ልጆች ባሉበት ቤት የአካል ጉዳተኛው ድርሻ አንድ አምስተኛ ብቻ ይሆናል፤ ቤቱ ለክፍፍል ሲሸጥም መጠለያውን ያጣል። ወላጅ በኑዛዜ ለአንዱ ልጅ አብልጦ መስጠት ይችላል። ሆኖም የሌሎቹ ድርሻ በእጅጉ ከተጎዳ መቃወም ስለሚችሉ ለእያንዳንዳቸው ተመጣጣኝ ነገር መተው ክርክርን ይቀንሳል።

የአደራ ንብረት

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 516 እስከ 544 ስለ አደራ ይደነግጋል። በአንቀጽ 516 ትርጉም አደራ የተወሰነ ንብረት ራሱን ችሎ ተለይቶ፣ በመሥራቹ መመሪያ መሠረት በባለአደራ የሚተዳደርበት ተቋም ነው። በስጦታ ወይም በኑዛዜ ሊቋቋም ይችላል፤ ሥርዓቱም የስጦታን ወይም የኑዛዜን ፎርም ይከተላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ፎርም ካልተደረገ አይጸናም።

ለአካል ጉዳተኛ ቤተሰብ የዚህ ሥርዓት ዋና ጥቅም ንብረቱ ከባለአደራው የግል ሀብት ጋር አለመቀላቀሉ ነው። ባለአደራው ቢከስር፣ ቢፋታ ወይም ቢሞት ባለዕዳ ጠያቂዎቹ፣ የትዳር ጓደኛውም ሆነ ወራሾቹ የአደራውን ንብረት የራሱ ነው ብለው አይካፈሉትም። ባለአደራው እንደ ጥንቁቅ ሰው ማስተዳደር ይጠበቅበታል፤ ካጠፋም ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል። ከሞግዚትነት የሚለየው ደግሞ ተጠቃሚው ችሎታውን እንዲያጣ ክልከላ የማያስፈልገው መሆኑ ነው።

ይህ የሕጉ ክፍል ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ቢሆነውም በቤተሰብ ደረጃ እምብዛም አይሠራበትም።

በተግባር የሚዘወተሩና የሚወድቁ መንገዶች

የቃል አደራ፦ ወላጅ ቤቱን በታላቅ ልጁ ስም አዛውሮ «እህትህን አደራ» ይላል። በአገሬው ባህል አደራ መብላት ትልቅ ነውር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቃሉ ይጠበቃል። በሕግ ግን ቤቱ የወንድምየው ነው። ወንድም ታማኝ ሆኖ ቢኖርም ሲሞት ቤቱ ለሚስቱና ለልጆቹ ይተላለፋል፤ እነርሱ ደግሞ አደራውን አልተቀበሉም።

ውክልና፦ አባት ለልጁ ሙሉ ውክልና ሰጥቶ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። በአንቀጽ 2232 መሠረት ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ውክልና ሰጪው ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ያበቃል። ማለትም በጣም በሚያስፈልግበት ቀን ይቋረጣል።

በጥሬ ገንዘብ ብቻ መተው፦ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ የዋጋ ንረት ስለሚበላው ለሠላሳ ወይም ለአርባ ዓመት ኑሮ ብቻውን አይሆንም።

መሬትና ባሕር ዛፍ በደቡብ ጎንደር

በፋርጣ፣ በላይ ጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ለሚኖር አርሶ አደር ዋናው ሀብት የመሬት ይዞታ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ የመጠቀም መብቱ ግን ይከራያል፣ ይወረሳል፣ በስጦታም ይተላለፋል። በክልሉ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለባለይዞታዎች የተሰጠው የይዞታ ደብተር የአካል ጉዳተኛው ስም የሚሰፍርበት ዋና ሰነድ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው የክልሉ የመሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው።

ማረስ የማይችል ባለይዞታ መሬቱን በእኩል ያሳርሳል ወይም ያከራያል። በእኩል ማሳረስ ምርቱን ከአራሹ ጋር መካፈል ሲሆን፣ ክፍፍሉ አውድማ ላይ ስለሚደረግ መቁጠርና መከታተል የማይችል ሰው ድርሻው ሊጎድልበት ይችላል። በጽሑፍ የተደረገና በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት የተመዘገበ ኪራይ ለእንዲህ ያለ ሰው የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል። የኪራዩ ዘመን ረጅም ሲሆን ግን ክፍያው በአንድ ጊዜ ተወስዶ እንዳያልቅ በየዓመቱ እንዲከፈል መዋዋል ይመረጣል።

በደጋው አካባቢ የባሕር ዛፍ ተክል እንደ ረጅም ጊዜ ቁጠባ ያገለግላል። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ በየጥቂት ዓመቱ ይሸጣል፤ የዕለት ተዕለት ጉልበትም አይጠይቅም። መሬቱ ባይሸጥም ዛፉ የባለይዞታው ሀብት ነው። ሽያጩን ማን እንደሚያካሂድና ገንዘቡ በየትኛው ሒሳብ እንደሚገባ በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ ይቻላል።

ሌሎች የገቢ ምንጮች

የቀለብ ግዴታ፦ በቤተሰብ ሕግ ወላጆችና ልጆች እንዲሁም ወንድሞችና እህቶች ራሱን መርዳት ላልቻለ የቅርብ ዘመዳቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። በፍርድ ቤትም ሊጠየቅ ይችላል።

ጡረታ፦ የመንግሥት ወይም የግል ድርጅት ሠራተኛ የነበረ ጡረተኛ ሲሞት ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ የተተኪ አበል ይከፈላል። የልጁ አካል ጉዳት በሕክምና ማስረጃ ተደግፎ ገና ወላጁ በሕይወት ሳለ በማኅደሩ መያያዙ ኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ያቀልለዋል።

ሴፍቲኔት፦ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እብናትን በመሳሰሉ ወረዳዎች ይሠራል። በልማት ሥራ መሳተፍ የማይችሉ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን ሥራ ሳይጠየቁ በቀጥተኛ ድጋፍ ይታቀፋሉ።

ቁጠባና ዕድር፦ የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ2014 ዓ.ም. ወደ ፀደይ ባንክነት ያደገ ሲሆን በገጠሩ የቁጠባ አገልግሎት የቆየ ታሪክ አለው። ዕድር የቀብርን ወጪ ይሸፍናል እንጂ የዕለት ኑሮን አይሸፍንም። ሆኖም የአካል ጉዳተኛው ስም በቤተሰቡ የዕድር መዝገብ መስፈሩ ወላጆቹ ከሞቱም በኋላ የሠፈሩ አባል ሆኖ እንዲቀጥል ያደርጋል፤ ይህም ንብረቱ ሲነካ የሚጠይቅ ጎረቤት አለው ማለት ነው።

የአንድ ዕቅድ ምሳሌ

የሚከተለው አሠራሩን ለማሳየት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። በደብረ ታቦር ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህርት አራት ልጆች አሏቸው እንበል። ሦስተኛዋ ልጅ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት የ27 ዓመት ወጣት ናት። ቤታቸው ከዋናው ክፍል ሌላ ለተማሪዎች የሚከራዩ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉት።

እናቲቱ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ቤቱን በአደራ ያስቀምጣሉ። ልጅቱ በዋናው ክፍል ዕድሜ ልኳን ትኖራለች። የሰርቪሶቹ ኪራይ ለምግቧ፣ ለልብሷና ለሕክምናዋ ይውላል። ባለአደራ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ እርሱ ከሞተ ወይም ካልቻለ የአጎታቸው ልጅ ይተካል። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ በየወሩ ከኪራዩ የተወሰነ ገንዘብ ትቀበላለች። ባለአደራው በየዓመቱ በስም በተጠቀሱ ሁለት የቤተሰብ ሽማግሌዎች ፊት ሒሳብ ያሳያል። ልጅቱ ስታልፍ ቤቱ ለቀሩት ወንድሞችና እህቶች እኩል ይከፈላል፤ ይህ የመጨረሻ ነጥብ የሌሎቹን ቅሬታ ይቀንሳል።

ከኑዛዜው ጋር አንድ የአደራ ደብዳቤ ይያያዛል። ሕጋዊ አስገዳጅነት የለውም፤ ነገር ግን ልጅቱ የምትወስደውን መድኃኒት፣ የሚያስደነግጣትን ነገር፣ የምትወደውን ምግብ፣ የምትሳለምበትን ቤተ ክርስቲያን፣ ራሷ መሥራት የምትችለውንና እርዳታ የምትፈልግበትን ይዘረዝራል። እነዚህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ እናት ብቻ ስለሆነች ካልተጻፉ አብረዋት ይቀበራሉ።

በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን

በአሜሪካ የሚኖርና በንብረት መጠን የሚወሰን ድጎማ የሚያገኝ አካል ጉዳተኛ ከአገር ቤት ቤት ቢወርስ፣ ንብረቱ ኢትዮጵያ ውስጥ መሆኑ ከቁጥር አያወጣውም። አያት በቅንነት ያደረጉት ኑዛዜ የልጅ ልጃቸውን ድጎማ ሊያቋርጥ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኑዛዜው ለልጁ በቀጥታ ሳይሆን በዚያው አገር ሕግ ለተቋቋመ የልዩ ፍላጎት አደራ እንዲሆን ይመከራል። በተቃራኒው ከውጭ ሆኖ ደብረ ታቦር ያለ ወንድሙን የሚረዳ ሰው በየወሩ የሚልከው ገንዘብ በእርሱ ሞት እንደሚቆም አስቦ፣ በወንድሙ ስም ገቢ የሚያስገኝ ንብረት ማፍራቱ ዘላቂ ነው።

ትችት

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ከሌሎች እኩል ሕጋዊ ችሎታ እንዳላቸው፣ ንብረት የማፍራትና የመውረስ መብታቸውም እንዲጠበቅ ይደነግጋል። የስምምነቱ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ማብራሪያ ሌላ ሰው በምትክ የሚወስንበት አሠራር ቀርቶ ሰውየው በእገዛ ራሱ የሚወስንበት ሥርዓት እንዲተካው ጠይቋል። ከዚህ አንጻር የ1952ቱ ሕግ ስለ ክልከላ የሚለው ሁሉ፣ የሚጠቀምባቸው ቃላት ጭምር፣ ይተቻል። በሌላ በኩል የእገዛ ሥርዓቱ በሕግ ሳይዘረጋ ክልከላ ቢቀር ንብረት ያላቸውን የአእምሮ ሕሙማን ከዘራፊ የሚጠብቅ ምን ይኖራል የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ክልከላ የማይጠይቀው የአደራ ንብረት በሁለቱ ሐሳቦች መካከል ያለ፣ ዛሬም በሕጉ ውስጥ የሚገኝ መንገድ ነው።